ስኳር የለመደ እርሾ

አዛውንቱ ጋጋሪ ድንገት የወረደውን ዝናብ ሸሽተው ጫማ ጠጋኙ ታዛ ሥር ሲገቡ፣ ዓመት ሙሉ ያላዩአት የእህታቸው ልጅ ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ላይ አጥፋ ቆማ አገኟት። ከምትሠራበት ቤተ ሙከራ መመለሷ ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«ወደ አቡኪያችን ቤት። ከነገ ጀምሮ አትምጪ ልላት።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ወደ ጎርፉ መለሱ። ሴትዮዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሊጣቸውን ያቦካች ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህም ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

«ምን አጥፍታ?»

«እጇ ከድቷታል። ሊጡ ሽቅብ ይልና ግማሽ መንገድ ላይ ይተኛል። ደንበኛው ‹ይህን ዳቦ በመጋዝ ነው የምንቆርጠው?› እያለ ያላግጥብኛል።»

«እርሾውንስ ማን ያዘጋጃል?»

«እኔ ነኛ። ብርዱ ከገባ ወዲህ በአንድ ማንኪያ ፈንታ አንድ ኩባያ ስኳር በጥብጬ፣ ረፋዱን ሁሉ አጠጥቼው ነው የማስረክባት። እንዲህ የተቀለበ ሠራተኛ ይለግማል?»

«ስኳር ከለመደ ይለግማል፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ። «ሴትዮዋን ከማሰናበትዎ በፊት ግማሽ ቀን ይስጡኝ።»

ዳቦ ቤቱ በዚያው መንገድ ላይ ነበር። ምድጃው የሚያርፍበት ሰዓት ስለሆነ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ በመስኮቱ የገባው ብርሃን የዱቄቱን ብናኝ ተሸክሞ ቀስ ብሎ ይዋኛል። ልጅቱ አዲስ እርሾ ያለ ስኳር በዱቄት ውሃ አነቃች። ቆይታም በዚያ እርሾ አንድ ሊጥ፣ አዛውንቱ ጠዋት ስኳር ባጠጡት ደግሞ ሌላ ሊጥ ለወሰች። ሁለቱን በሁለት ብርጭቆ አድርጋ፣ ከፍታቸውን በጠመኔ አሰመረች። ከዚያ ተቀመጡ።

«እርሾ ስኳር መኖሩን በምን ያውቃል? ዓይን የለው፣ ምላስ የለው።»

«ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉት። ከእነሱ አንዱ ስኳሩን ገና ከበር ተቀብሎ ለሥራ ያዘጋጃል። ይኸው ሠራተኛ ወሬ አቀባይም ነው፤ ‹የተዘጋጀ ስኳር ሞልቷል› ብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል።»

«የኛ በረኛ እንደዚሁ ነው። ዱቄት ያራግፋል፣ ወሬም ያራግፋል።»

«ወሬው ሲደርስ ግን ሌላው ሠራተኛ ይታገዳል። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስኳር ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተጣበቀ ነው፤ እሱን የሚፈታ ባለሙያ ያስፈልጋል። የተዘጋጀ ስኳር ካለ ግን ለምን ተብሎ ይጠራ? እናም የእርስዎ ኩባያ ሲያልቅ እርሾው በዱቄት መካከል ተቀምጦ ይራባል። ባለሙያውን ጠርቶ እስኪያመጣ ሊጡ ይተኛል።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባቴ እርሾን እንደ ሕፃን ያዙት ይል ነበር።»

«ሕፃንም ቢሆን ማኘክ ይማራል፣ ጋሼ።»

አዛውንቱ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጣሉ። እርሾው ውስጥ አንድ ትንሽ ቤት ታያቸው፤ በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ የሚያልፈውን ጣፋጭ ሁሉ በእጁ እየመዘነ፣ ወደ ውስጥ በሹክሹክታ ይናገራል። ዝናቡ የዚያ ሰው ድምፅ መሰላቸው። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ ሳይለዩት ብርሃኑ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ተሻገረ።

ቀና ሲሉ ስኳር በጠጣው እርሾ የተለወሰው ሊጥ ፈጥኖ ከመስመሩ በላይ ወጥቶ ነበር። «አላልኩሽም?» አሉ። ቆይቶ ያ ሊጥ ባለበት ቆመ። ሌላው ግን ሳይቸኩል፣ ሳያርፍም፣ ጎረቤቱን አልፎ የብርጭቆውን አፍ ሞላው።

አዛውንቱ የቆመውን ሊጥ በጣታቸው ነኩት። ሁለቱንም የለወሰው አንድ እጅ ነው። የሚያመካኙበት ጠፋ። ሰው በራሱ ደግነት ሲያጠፋ ጥፋቱን ከሌላ ሰው እጅ መፈለጉ የተለመደ ነው፤ ደግነቱን ማን ይጠረጥራል?

«በዱቄት ውሃ ያንቁት፣ በብርድ ጊዜ ሙቀትና ሰዓት ይጨምሩለት» አለች ልጅቱ። «ዳቦው ሳይደርቅ ይውላል፣ ስኳሩም ለሻይ ይተርፋል። ሴትዮዋም እንጀራዋ ላይ ትቆያለች።»

ዝናቡ ሲያባራ አዛውንቱ ብቻቸውን ሄደው የአቡኪዋን በር አንኳኩ።

«ምነው በደህና?» አለች፣ እርጥብ እጇን በጨርቅ እየጠረገች።

«ሥራሽን ልቀማሽ ነበር ከቤት የወጣሁት። እጅሽን አማሁት፤ ሊጡን ያስተኛው የኔ ስኳር ኖሯል።»

«ስኳሩ በዛ ብዬዎት ነበር» አለች ሴትዮዋ። «‹አንቺ ቡኮሽን አቡኪ› አሉኝ።»

«ብያለሁ።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ከነገ ጀምሮ እርሾውንም አንቺ አዘጋጂው።»

«እርስዎስ ምን ሊሠሩ?»

«አንቺ የምትነግሪኝን።»