ባለ አጋዘን ቆርቆሮ

በእኛ ጊዜ፣ ትርንጎ ልጄ፣ ዕቃም እንደ ሰው አደራ ያውቅ ነበር። ምን ያስቅሻል? ስልክሽን ወደዚህ አስጠጊውና ስሚኝ። የአያቴን ነገር ያጫውቱኝ ብለሽ ነው የመጣሽው፤ እኔ ደግሞ የአትጠገብን ነገር ሳነሳ ቆርቆሮን ሳላነሳ አልችልም። ሁለቱን ለይቼ ላወራ ሞክሬ አቅቶኛል።

አያትሽን ሳገባት ቤታችን የሣር ክዳን ነበር። ሣሩ አሮጌ፣ እኔም ሰነፍ። ታዲያ ሐምሌ ሲገባ ጠብ... ጠብ... ይላል፣ እና እሷ ተነስታ መኝታውን ትጎትታለች፤ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ። እኔ እንደተኛሁ «አንቺ ሴት፣ ተኚ እንጂ፣ ውሃ እኮ ነው» እላታለሁ። «ለአንተ ውሃ ነው፤ ለእኔ ግንባሬን የሚወጋ ጣት ነው!» ትለኛለች።

ታዲያ አንድ ዓመት ጤፉ አማረልንና ከሉማሜ ተነስቼ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ። ባለሱቁ ሽማግሌ ነው፤ ቆርቆሮውን ብድግ አድርጎ በጣቱ አንጓ መታው፤ ድውውው... አለ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል። «ስማ» አለኝ፣ «ይሄ ባለ አጋዘን ነው። አንተ ታረጃለህ፣ እሱ አያረጅም።» ይኸው አረጀሁ። ሰውየው ቃሉን ጠብቋል።

ቤቱን በደቦ ቆርቆሮ አለበስነው። ታዲያ ቆርቆሮው በሆዱ በኩል በሰማያዊ ቀለም አጋዘን ታትሞበታል፤ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ደረቱ የሞላ፣ አንገቱን ቀና ያደረገ የጨዋ ልጅ። አልጋ ላይ ተኝተሽ ወደ ላይ ስታዪ አጋዘን በአጋዘን ነው። ማድቤታችን ውጭ ስለሆነ ጭስ አላጠቆራቸውም። እና አያትሽ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ እነሱን ነው የምታየው፤ «እንዴት አደራችሁ?» ትላቸዋለች። እኔን ሳትጠይቅ! «እኔስ?» ስላት፣ «አንተማ ስታንኮራፋ ነው ያደርከው፤ ሲጠብቁን ያደሩት እነሱ ናቸው» ትለኛለች።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ቁጭ ብላ፣ «ይዘንባል እኮ!» አለች። «ሰማሁ» አልኳት። «በእኔ ላይ ግን አይደለም!» ብላ ሳቀች። እንደዚያን ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ በሠርጓም ቀን እንደዚያ አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲያ ንጉሥ ወረደ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ሌላው መጣ። በረዶ ቀጠቀጠው፣ ፀሐይ ለበለበው። ቆርቆሮው ግን ከሁሉም ጋር ተስማምቶ ኖረ፤ ዝናብ ሲመጣ ካልሆነ በቀር ለማንም አላጨበጨበም።

ታዲያ አያትሽ ታመመች። መናገር እየከበዳት ሲሄድ ዓይኗን ከአጋዘኖቹ ላይ አታነሳም ነበር። አንድ ቀን ጠራችኝና «አንተ ሰው» አለችኝ። «ምን ላድርግልሽ፣ አትጠገብ?» «ምንም። ከላዬ ብቻ ውሃ አታንጠባጥብብኝ።» ይኸው ነው ኑዛዜዋ። መሬት አላለች፣ ከብት አላለች። በሐምሌ ቀበርናት፤ ያውም በዝናብ።

መከሩን እንደሰበሰብኩ፣ መቃብሯ ላይ አራት ቋሚና ጣሪያ ያለው ትንሽ ቤት ላቆምላት ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ሽማግሌው ሞቶ ሱቁን የያዘው ልጁ ነው። «ባለ አጋዘን አለህ?» አልኩት። «ሞልቷል አባባ! ኦርጅናል! ሠላሳ አምስት ጌጅ!» «የድሮው ስንት ነበር?» «ሃያ ስምንት።» እኔም በልቤ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሰዎቹ አላንቀላፉም፣ አሳድገውታል አልኩ። ለካ ልጄ፣ ቁጥሩ ሲወጣ ቆርቆሮው ይሳሳል! ይህን የሚያህል ዕድገት በአገራችን ሲታይ ኖሮ እኔ አልሰማሁም።

አሁን የምነግርሽን ልብ በዪ። ቆርቆሮውን አልመታሁትም። ልመታው ጣቴን አንስቼ ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ዕድሜ ልኩን አናቴ ላይ የቆመልኝን፣ ሚስቴ እንዴት አደርክ ስትለው የኖረችውን፣ «እስቲ ልፈትሽህ» ብዬ በሰው ፊት ላንኳኳው? የቆየ ወዳጅ ቤት ገብተሽ፣ የቀረበልሽን እንጀራ ገልበጥ አድርገሽ ከሥሩ ታያለሽ? አታዪም። እኛ ሰው እናፍራለን። ቆርቆሮ ያፈረ ግን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ሙት ዓመቷ ደረሰ። ዘመድ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ ቄስ ሞገስ መጽሐፋቸውን ገልጠው መቃብሯ ላይ ካቆምኩት ጣሪያ ሥር ቆሙ። ዝናቡም ሳይጠራ መጣ። ታዲያ ጠብ አለ፤ መጽሐፉ ላይ። ቄስ ሞገስ በእጃቸው ጠረግ አድርገው ወደ ግራ ፈቀቅ አሉ፤ ጠብ። ወደ ቀኝ ፈቀቅ አሉ፤ ጠብ። ቀና ብዬ አየሁ፤ በየሚስማሩ ዙሪያ ዝጎ እንደ ወንፊት ሆኗል። እና ከዚያ ሁሉ ውሃ፣ ልጄ፣ አብዛኛው የሚወርደው በራስጌዋ በኩል ነው። ቄሱ ሊያጽናኑኝ ብለው ጆሮዬ ላይ፣ «አያ ታከለ፣ አይዘኑ፤ ቤቱም አብሮን እያለቀሰ ነው» አሉኝ። «አባቴ» አልኳቸው፣ «ቤት አያልቅስ፤ ለልቅሶ እኛ እንበቃለን።»

በማግስቱ አንዷን ቆርቆሮ ነቅዬ ሚኒባስ አስጫንኩ። ረዳቱ፣ «አባባ፣ ሰው ቆርቆሮ ከማርቆስ ይዞ ይመጣል እንጂ ወደ ማርቆስ ይዞ ይሄዳል እንዴ?» አለኝ። «ታሞብኝ ነው» አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልቀለድኩም።

ባለሱቁ ፊት አቆምኳት። «ልጄ፣ ኦርጅናል ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ነዋ አባባ!»

«ታዲያ ለምን ዛገ?»

«ኦርጅናሉ ስለሆነ ነው የዛገው። ኮፒው ቢሆን እኮ ሚስማር ሲመቱበት ነበር የሚቀደደው!»

«እሺ፣ ይህን አጋዘን ተመልከተው። የድሮው ደረቱ የሞላ ነበር፤ ይሄ ከስቷል። ደግሞ እግሩን ቁጠረው፤ አራተኛው የት አለ?»

ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። «ቀለም ለመቆጠብ ይሆናል» አለ።

«በሦስት እግሩ እንዴት ሊቆምልኝ ኖሯል?»

በሩን አየት አደረገ። በኋላ ድምጹን ቀነስ አድርጎ፣ «አባባ፣ ልንገርዎት፤ ፋብሪካው ለሌላ ሰው ተሸጧል። ሰውየው የገዛው ስሙን ነው» አለኝ።

«ስምም ይሸጣል?»

«እንዲያውም ውዱ እሱ ነው።»

«ሥራውንስ ማን ገዛው?»

ወደ ላይ አየ። እኔም አብሬው አየሁ። ጣሪያው ሥር፣ ከዕቃው በላይ፣ ሸራ ወጥሯል፤ ሸራው በውሃ ተሞልቶ እንደ ላም ጡት ተንጠልጥሏል። «አባትህ ያለበሰው ባለ አጋዘን የት ሄደ?» አልኩት። «ዘመናዊ ይሁን ብዬ ነቅዬ በአዲሱ ለወጥኩት» አለ፤ አንገቱንም ደፋ። ልቆጣው ሄጄ አዝኜለት ወጣሁ። ቆርቆሮዋንም ይዤ ተመለስኩ፤ የት እጥላታለሁ?

ከዚያ ወዲህ ልጄ፣ ጣቴ አርፎ አይቀመጥም። የሚሸጥ ነገር ሁሉ አንኳኳለሁ። ድስት አንኳኳለሁ፣ ጀሪካን አንኳኳለሁ፣ ሳሙና ሳይቀር አንኳኳለሁ፤ ሳሙና ምን ብሎ እንዲመልስልኝ እንደሆነ እንጃ። በቀደም ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ሲያሳልሙኝ ጣቴ ከፍ ሲል ያዝኩት። «ምነው?» አሉኝ። «ምንም አባቴ፣ ቁርጥማት ነው» አልኳቸው። ይኸውልሽ፣ የወሰዱብኝ ቆርቆሮ ብቻ መሰለሽ?

ታዲያ ቤት ገብቼ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ቀና ስል አጋዘኖቹ አሉ። አራት እግራቸው ሙሉ ነው። ሲያዩኝ አፈርኩ። በማግስቱ ጎረቤት ጠራሁ። «አያ ታከለ ሐዘኑ በዛባቸው፤ በክረምት ቤታቸውን ሊያፈርሱ ነው» ተባባሉ፤ ግን ደቦ አይቀርምና መጡ። ከአልጋዬ በላይ ያሉትን ነቀልናቸው። አንዱን በጣቴ አንጓ መታሁት፤ ይሉኝታው ለቆኛል። ድውውው... አለኝ። እዚያው መሰላሉ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰዎቹም ደከማቸው ብለው ውሃ ሰጡኝ።

እነሱን ወስደን አትጠገብን አለበስናት፤ አጋዘኖቹን ወደ ታች፣ ወደ እሷ። የእሷን ደግሞ አምጥተን እኔ ላይ መታናቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዶፍ ሲወርድ ጋቢዬን ተከናንቤ ሄጄ ከጣሪያዋ ሥር ቆምኩ። አፈሩ ደረቅ ነው፤ አቧራ ያስነሳል። «ይዘንባል እኮ» አልኳት።

ምን አልሽ? ድምጽሽን ከፍ አድርጊው።

«እርስዎስ ታዲያ፣ አባባ? እርስዎ ላይ አያፈስም ወይ?»

እኔማ ባልዲ ገዛሁ።

«ጎሽ!»

ባልዲውም ያፈሳል! ሳቂ እንጂ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሲመጣ ጠብ ይላል፣ ልክ ግንባሬ ላይ። እውነቷን ነው ልጄ፣ ውሃ አይደለም፤ ጣት ነው። «እሺ አትጠገብ፣ ተነሳሁ» እላታለሁ፣ እና አልጋዬን እጎትታለሁ።