ለእማማ ግቡ ያልተቀረጸው ቁልፍ

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ የኮሚቴ አባላት፣ መዘምራን፣ የጸሎት ቤታችን ወንድሞችና እህቶች፤ በእግራችሁ እዚህ ድረስ የመጣችሁ የሰፈር ሰዎች፤

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ራሴ እተኩሳለሁ። ሦስት ፎቅ ደረጃ ያለ ከዘራ እወጣለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ቆም የምለው በመስኮቱ ለማየት እንጂ ደክሞኝ አይደለም። ቁልፍ በሞረድ እቀርጻለሁ። በማሽን የሚቀርጹት ልጆች ያበላሹትን፣ ሰዎች እኔ ጋ ይዘው ይመጣሉ። ይህንን ወረቀትም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። የጎረቤቴ ልጅ "አባባ፣ ይንገሩኝና ልጻፍልዎት" አለችኝ። "አንቺ የራስሽን ጻፊ" አልኳት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፈጀብኝ። ፊደሉ ይጣመም እንጂ ነገሩ አይጣመምም።

ሰብሳቢያችን ቅድም ጆሮዬ ሥር መጥቶ "አባታችን፣ አምስት ደቂቃ ብቻ፤ ደግሞ ለስለስ ባለ ቃል" ብሎኛል። አምስት ደቂቃውን እሞክራለሁ። ለስላሳውን ግን ከሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ ተቆጥቻለሁ።

ይህች ሳጥን ውስጥ የተኛችው ሴት አስራ ዘጠኝ ዓመት አዳራሻችንን ጠረገች። ልጆቻችን "እማማ ግቡ" ብለው ስም አወጡላት። ለምን? በሩ ላይ ሰው ካየች ሌላ ቃል አታውቅማ! ለአንድ ሰውም "ግቡ" ነው፣ ለአስርም "ግቡ" ነው። አንድ ቀን "አንዱን ሰውዬ ለምንድን ነው እንደ ብዙ የምትጠሪው?" አልኳት። "ብቻውን የመጣ ሰው ብቻውን መሆኑ ቀድሞም ይሰማዋል፣ ጋሼ። እኔ ደግሞ ላስታውሰው?" አለችኝ።

አሁን ወረቀቱ ላይ የሌለውን ስሙኝ። ከአጥሩ ውጭ፣ የመቃብሩ በር ጋ፣ አንድ ሰው ቆሟል። ዞር አትበሉ፤ ስትገቡ አይታችሁታል። ሲሚንቶ ተሸካሚ ነው። ሊገባ ሲል ከእኛ አንዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ዛሬ ለቤተሰብ ብቻ ነው" አለው። የማን ቤተሰብ? ልጅ አልወለደች። ባል አላገባች። የእናቷ ልጅ ካረፈ ቆየ። ቤተሰቧ በር ላይ ያገኘችው ሰው ነበር። ስለዚህ ቁርጡን ልንገራችሁ፦ እሱ ሳይገባ አፈር አይገባም። አሁን ልቀጥል።

ባለቤቴን የቀበርኩ ሰሞን ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። አስራ አንድ ዓመት ሆነው። ዝናብ ነበር። ስዞር ስዞር የአዳራሹ የጎን በር ጋ ደረስኩ። ጸሎት ቤት ረግጬ አላውቅም ነበር። እሷ መጥረጊያዋን ይዛ ወጣችና "ግቡ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ኩሩ ነኝ። "መቆለፊያውን ለማየት ነው የመጣሁት" አልኳት። ውሃ እንደ ነካው ድመት ቆሜ! ዓይኔ ቀልቶ! ከላይ እስከ ታች አየችኝና "እውነትዎን ነው፣ ጋሼ፤ ያቺ ጓጉንቸር አስቸግራኛለች" አለች። ሄዳ አንድ ጓጉንቸር አመጣች። ምን ሆኗል? ምንም አልሆነም። ደኅና ጓጉንቸር ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ እየሄድኩ፣ ጥግ ይዤ፣ ያልተበላሸ ጓጉንቸር ሠራሁ። ፈታሁት፣ ዘይት ቀባሁት፣ ገጠምኩት፣ እንደገና ፈታሁት። በሰባተኛው ቀን "ደኅና ሆነ?" አለችኝ። "እየተሻለው ነው" አልኳት። ስለ ጓጉንቸሩ እንዳልነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

እንዲህ ነበረች። ሰውን ሳታዋርድ ታስገባለች። እኛስ? እኛ ሳናስገባም እናዋርዳለን።

የዚያን የሲሚንቶ ተሸካሚ ነገር ታውቃላችሁ። እዚያ ነበራችሁ። እኔም ነበርኩ። ከፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ላይ ይሠራል። ዝናብ ሲጥል በጎን በር ገብቶ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር። ልብሱ አቧራ ነው፣ ደረቱ ሳል ነው። እሱ ሲቀመጥ አግዳሚው ባዶ ሆነ። ከዚያ ከፊቱ ያለው ባዶ ሆነ። ከእህቶቻችን አንዷ ሁላችንም እየሰማን "ይሄ ጸሎት ቤት ነው ወይስ መናኸሪያ?" አለች። እማማ ግቡ መጥረጊያዋን ሳታስቀምጥ "መናኸሪያማ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ እህቴ። እዚያ ሰው ሲቀመጥ የሚነሳበት የለም" አለቻት። ሳቅን። ሳቅን እንጂ አጠገቡ የተቀመጠ የለም። እኔም አልተቀመጥኩም። ሸሚዜ የተተኮሰ ነበራ!

ሰብሳቢ፣ ሰዓትህን አትይብኝ። ስለ ሰዓት ካነሳን ስለ ሰዓት ላውራ።

የአዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ጠፋ። እሁድ ስንገባ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ማን ወሰደው? ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ያውቅ ነበር። "በጎን በር የሚገቡት ናቸው" ተባለ። ኮሚቴ ተቀመጠ። የጎን በሩ ቁልፍ ይቀየር ተባለ። እጅ ወጣ፤ አንድም የቀረ እጅ የለም።

ሰዓቱ የት ነበር? ከእኔ ሱቅ ጎን ሰዓት ሠሪው አለ፤ አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን። ዘይት ልዋስ ስገባ ሰዓታችን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ ሰማያዊ፤ እንዴት ይጠፋኛል? "የናንተ ናት" አለኝ። "ገንዘብ ያዧ ናት ያመጣቻት። ወደ ኋላ እየቀረች አስቸገረች ብላ። ወር ሆናት እኮ፤ ንገራቸው እንጂ፣ ቦታ ያዘችብኝ።" አያችሁ? ሴትዮዋ ለማሠራት ወሰደች፣ ረሳች። ረስታም ኮሚቴ ላይ ቁልፉ ይቀየር ብላ እጇን አወጣች። እህቴ፣ አታልቅሺ። መርሳት የሰው ነው። ያንቺ መርሳት ነው። የእኔ ግን መርሳት አይደለም።

እኔ አውቄ ዝም አልኩ።

ለምን? ቅድም ሰዎች ቁልፍ ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ አልኳችሁ። ዋሽቻለሁ። ይመጡ ነበር። ሱቄን በየቀኑ እየከፈትኩ ሁለት ወር ሙሉ ሰላም የሚለኝ እንጂ ሥራ የሚሰጠኝ አልነበረም። ሰብሳቢው በመኪና መጣ። "አባታችን፣ ከእርስዎ እጅ ሌላ አላምንም" አለኝ። እንደ ሙሽራ ደስ አለኝ! ሰዓቱ ተገኘ ብል ሥራው ይቀራል። ዝም አልኩ።

ሄጄ ቁልፉን ገጠምኩ። ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛ አንድ በአንድ ያቀበለችኝ ማን ነበረች? እሷ ናት።

"ስንት ቁልፍ አለው፣ ጋሼ?"

"ሦስት።"

"ለነማን?"

"ለሰብሳቢው፣ ለገንዘብ ያዧ፣ ለመዘምራን መሪው።"

"እኔስ?"

"ኮሚቴው አላዘዘኝም።"

አንድ ብሎን አቀበለችኝ። ከዚያ "ዝናብ ሲመጣስ?" አለች።

"ዝናብ የእግዜር ነው፣ ቁልፍ የኮሚቴ ነው" አልኳት። ቀልድ መስሎኝ። ሳቀችልኝ። እንዳላፍር ብላ ነው የሳቀችው።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው አንድ ልማድ ትቶልኝ ነበር። አዲስ ቁልፍ ስትገጥም፣ ማንም ሳይጠይቅህ አንድ ትርፍ ቀርጸህ በሩን ለሚጠርገው ሰው ስጥ። ባለቤቱ ይጓዛል፣ ይተኛል፣ ይጠፋል፤ የሚጠርገው ሰው ግን አለ። ስድሳ ዓመት ይህን ልማድ አንድ ቀን አልተውኩም። ሀብታም ቤት አልተውኩም፣ ድሃ ቤት አልተውኩም። በጸሎት ቤት ተውኩት። አራተኛዋን ቁልፍ ለመቅረጽ አንድ ሩብ ሰዓት ነበር የሚፈጅብኝ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። እዚያ ነበራችሁ። ሰውየው ትኩሳት ይዞታል፤ አለቃው "እዚህ እንዳትሞትብኝ" ብሎ ከሥራ አስወጥቶታል። እንደ ልማዱ የጎን በር ጋ መጣ። ተቆልፏል። እማማ ግቡ ወደ መዘምራን መሪው ሮጠች። "ልምምድ ላይ ነን፣ እማማ፤ ሰብሳቢውን ጠይቂ" ተባለች። ሰብሳቢው ጋ ተደወለ። "ዛሬ ለአንዱ ከከፈትን ነገ ሰልፍ ይሆናል" አለ። በዋናው በር ላስገባው አለች። "ምንጣፉ አዲስ ነው" ተባለች። ምንጣፉ! ያንን ምንጣፍ በየቀኑ ተንበርክካ የምታጸዳው ማን ሆና ነው?

አልተከራከረችም። ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ካፖርቷን አውልቃ እሱን አለበሰች። ሦስት ሰዓት ያህል። እናንተ ውስጥ ስለ ፍቅር ትዘምሩ ነበር። ከየት አወቅሁ? ሆስፒታል ተኝታ ነገረችኝ። "ድምፃቸው እንዴት አምሮ ነበር፣ ጋሼ" አለችኝ። አሽሙር የለበትም። እኔ ብሆን መስኮቱን በድንጋይ ነበር!

ሐኪሙ የሳንባ ምች ብሎ ጽፏል። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፤ ፊደል እየቆጠርኩም ቢሆን አንብቤዋለሁ። ቀድሞም ደረቷ ደካማ ነበር ይላል። ልክ ነው። ሐኪሙ ያልጻፈውን ግን እኔ ልጨምር፦ በር።

ዘጠኝ ቀን ተኛች። ከኮሚቴው ፍራፍሬ ተላከ፤ ከላዩ ካርድ አለው። ማን ይዞት መጣ? የሱቁ ሠራተኛ። ሊፍቱ በተበላሸ ቀን ለምርመራ ከላይ እስከ ታች በጀርባው ያወረዳት ማነው? ያ በሩ ጋ ያቆማችሁት ሰው ነው። እያሳለ። በየደረጃው እየቆመ። እሷ ደግሞ በጀርባው ላይ ሆና "አረፍ በል፣ ልጄ፤ እኔ አልቸኩልም" ትለው ነበር።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ አበባ ማን ገዛው? ከቁልፍ አበባ ይቀላል?

እኛ ክርስቲያን ነን እንላለን። ጌታ በረት ውስጥ ተወለደ ብለን በየዓመቱ እንተርካለን፤ ድምፃችን ይሰባበራል። ለመሆኑ በረት የወረደው ለምንድን ነው? ክፍል ጠፍቶ? ክፍልማ ነበር። ቁልፉ የሰው እጅ ላይ ነበር። እኔ ያንን የቁልፍ ባለቤት ዕድሜ ልኬን ስረግመው ኖሬ፣ ለካ ቁልፉን የቀረጸለትም ነበረ። እሱን የረገመው የለም። ዛሬ እኔ እረግመዋለሁ።

እማማ ግቡ፣ እህቴ። እኔ ያንቺን ያህል ቃል የለኝም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ሳልጠይቅሽ ይቅር እንዳልሽኝ አውቃለሁ፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ተቆጥተሽ ብትሄጂ ይቀለኝ ነበር። ደኅና ሁኚ። ጉልበትሽ ይረፍ። ከእንግዲህ አንቺ የምትጠርጊው ወለል የለም። የምትሄጂበት ቤት በሩ እንደኛ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ካላመንኩማ እዚህ ምን እሠራለሁ?

የቀረው የእኔ ዕዳ ነው። ማንም እንዲያግዘኝ አልፈልግም፤ የራሴን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ።

ከዚህ እንደወጣሁ ካቻቪቴዬን ይዤ ወደ ጎን በር እሄዳለሁ። ስድስት ብሎን ነው። ያስገባሁት እኔ፣ የማወጣው እኔ። ኮሚቴ አላስፈቅድም። ፖሊስ የሚጠራ ይጥራ፤ የጣቢያውን በር ቁልፍ የገጠምኩትም እኔ ነኝ።

እሁድ ሰዓቱን በብብቴ ይዤ መጥቼ ሚስማሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። የት እንደነበር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት እናገራለሁ። ማፈሩን ለእኔ ተዉልኝ።

ሌላ ጠራጊ እስክታገኙ አዳራሹን እኔ እጠርጋለሁ። ጥጉን ጥጉን፣ ቀስ ብዬ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጎን በሩ ጋ ወንበር አስቀምጬ እቀመጣለሁ። በእኔ ላይ ዘልሎ ሰው የሚመልስ ካለ እናያለን።

አንዱ ዕዳ ግን ለእሁድ አይቆይም። አንተ ቆፋሪ፣ አካፋህን አቁም፣ ልጄ። ሰብሳቢ፣ መንገዱን ልቀቅልኝ። በሩ ድረስ ሄጄ ያንን ሰው እጁን ይዤ እስክመጣ ጠብቁ። መንገዱ ዳገት ነው፣ እዘገያለሁ። ቆማችሁ ጠብቁን።