ለመኪናው የተነጠፈው ላስቲክ

ነይ ግቢ እታለም፣ በሩ ክፍት ነው! ደህና ዋልሽ? ልጆቹስ? ያቺ ሙሽራ ቀሚሷን መጥታ ወሰደችልሽ? እሰይ፣ ተገላገልሽ። እኔማ ይኸው ፀሐይዋ ሳታመልጠኝ ልብሴን ላስጣ ብዬ... ኧረ ቀስ! ቀስ በይ እንጂ፣ ምን ያስሮጥሻል? ግድግዳውን ያዝ አድርጊና ጠርዝ ጠርዙን ነይ። እንደሱ። አሁን ያንን እግርሽን... ጎበዝ። አይዞሽ፣ ደርሰሻል።

እንግዲህ አትፍረጂብን። የኛ ግቢ እንደ ድሮው ዘው ተብሎ የሚገባበት ግቢ አይደለም፤ ማዕረግ አግኝቷል። አሁን ሰው ሲገባ አንገቱን ደፍቶ፣ እግር እግሩን እያየ፣ በትሕትና ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? እዚህ ግን እንቁላሉም ቢሆን በሩ ላይ ቆም ብሎ ሳያስብበት አይገባም።

በይ እዚህች በርጩማ ላይ አረፍ በይ። መቆንጠጫውን እያቀበልሽኝ እናውጋ።

እውነቱን ንገሪኝ፣ አያምርም? ድንጋይ እንዳይመስልሽ! ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶውን አፍስሰው ሳይደርቅ ትልልቅ ላስቲክ ያስቀምጡበትና ይረግጡታል፤ ላስቲኩ ሲነሳ የድንጋይ ቅርጽ ታትሞበት ይቀራል። ከዚያ ቀለሙ፣ ከቀለሙ በላይ ደግሞ የሚያብለጨልጨው ቅብ። መኪና መግቢያው፣ የእግር መንገዱ፣ በረንዳው ፊት ያለው መናፈሻ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። እኔ መሃይሟ ዕድሜዬን ሙሉ ጠጠር ስረግጥ ኖሬ! ጠጠር እኮ ነበር እታለም፣ ቅርጭ ቅርጭ የሚል ተራ ጠጠር። እማዬ ጠዋት ጠዋት ስትወጣ ኩሽና ሆኜ የት እንደደረሰች በእርምጃዋ ድምፅ አውቅ ነበር። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! አሁን ምንም አይሰማም። ጸጥ ያለ፣ የሠለጠነ ግቢ ሆኗል።

ማን መረጠላችሁ ብለሽ ልትጠይቂኝ ነው አይደል? ኧረ እኔ ስም መጥራት አልወድም። የእናቴ ልጆች ሁለት ነን። አንዷ እኔ ነኝ፤ ከኔ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደማይወጣ አንቺም ታውቂያለሽ።

ምነው፣ ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? አይሰማም፣ አይሰማም። ያውልሽ፣ ጀርባውን ሰጥቶን መኪናውን እየወለወለ ነው። ዛሬ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ መንገድ ሳይጨናነቅ ልውጣ ብሏል። ደግሞ ቢሰማስ ምን አጠፋሁ? ሰው ማመስገን ክፉ ነው?

አሳቢ ሰው ነው እኮ። ምርጫውን በስልኩ ይዞልን መጣ፤ ፎቶ በፎቶ። ይኼ የባለሀብት ግቢ፣ ይኼ የሆቴል መግቢያ፣ ይኼ ምንድን ነው የሚሉት... እኔ ሆቴል ደጃፍ እንኳ ቆሜ የማላውቀው ሴት፣ «የሆቴሉን! የሆቴሉን!» ብዬ ጮህኩልሽ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እኔ ነኝ። ዶሮዋስ አንዴ ሞታ ተገላገለች።

እማዬንም አልዘነጋትም፣ የወለደችው ናትና። ስልኩን ዓይኗ ሥር አድርጎ «እማዬ፣ አንቺስ የቱን ወደድሽ?» አላት። መነጽሯን አደረገች፤ ጎንበስ ብላ አየች፣ አየች... «ምርኩዜን የቱ ላይ ነው የማቆመው?» አለችው። አቤት እንደሳቅን! «እማዬ መቼም ቀልደኛ ናት» አለ። ከሁሉም አስበልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ የመንጋጋ ጥርሴ ሳይቀር ታይቷል። እሷ ብቻ ነበረች ያልሳቀችው።

እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽና ታውቂዋለሽ። ልብስ የሚሰፋው በለባሹ ልክ ነው ወይስ በከፋዩ? አይ፣ ነገር ፈልጌ አይደለም፤ ለማወቅ ያህል ነው።

የሠሩት ቀን ደግሞ... መቆንጠጫ አቀብይኝ... የሠሩት ቀን ብትኖሪ ኖሮ ደስ ይልሽ ነበር። ሲሚንቶው ተደፍቶ፣ ሠራተኞቹ ላስቲኩን ይዘው «አሁን ነው ሰዓቱ» ሲሉ፣ የእማዬ ልጅ «ቆዩ! መጀመሪያ ፎቶ እንነሳ» አለ። ማተሚያ ላስቲኩን እንደ ዲፕሎማ ይዞ ቆመ። ከፊት ተነሳ፣ ከጎን ተነሳ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ተነሳ። ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ነበርና ዞሮ እንደገና ተነሳ። ፎቶ አንሺዋ ማን ነበረች? እኔው ነኛ! «ትንሽ ፈገግ በል፣ አገጭህን ቀና» እያልኩ። በስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ጣቴ ሌንሱን ሸፍኖት ኖሮ እሱም እንደ አዲስ ተደገመ። ሲሚንቶ ደግሞ እንደ እኛ ቤት ሰው አይደለም፣ ሰው ፎቶ ተነስቶ እስኪጨርስ አይጠብቅም። በረንዳው ዘንድ ገና እርጥብ ስለነበረ ላስቲኩ ሰምጦ የቅርጹ ቦይ እንዲህ ጥልቅ ሆኖ ወጣ። በሩ ዘንድ ግን ደርቆ ጠበቃቸው፤ ቢረግጡት፣ ቢዘሉበት፣ ጭረት ብቻ ነው የተወው። ቅቡ ሲደረብበትማ መስታወት ሆነልሽ። እኔ አሁን ፀጉሬን የምጎነጉነው እዚያ ቁጭ ብዬ ነው።

ፎቶው ግን አምሯል። እግዜር ያሳይሽና እዩልኝ ብሎ ለሰው ሁሉ ልኮታል።

በኋላ ደግሞ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ እኔ ግቢውን በሳሙና አጠብኩት። ይብለጭለጭ ብዬ። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ እየተንሸራተትኩ ልቀበለው ስመጣ አያይም! ባልዲው ቀድሞኝ ነው በር የደረሰው። ምስኪን፣ ቆጣሪውን ሳያነብ ሄደ። እስካሁን ያ ሰውዬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። እኔማ ወድቄ ብነሳ ምን እሆናለሁ? እግዜር ሲፈጥረኝም ትራስ አብሮ ነው የሰጠኝ።

ለእማዬም የጠቀማት ይኼው ትራሴ ነው። አልነገርኩሽም? አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። በረንዳው ዘንድ የምርኩዙ ጫፍ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ያዛት፤ ታግላ አወጣችው። በሩ ዘንድ ስትደርስ ደግሞ ምርኩዙ ሸተት ብሎ ጥሏት ሄደ። ሮጬ ደረስኩ፤ ደረስኩ እንኳ አይባልም፣ እኔም ወድቄ ነው የደረስኩት። እሷ እላዬ ላይ ወደቀች። ዳቦ ላይ የወደቀች ያህል ነው፤ ምንም አልሆነችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከደፍ አልወጣችም።

አንቺ ታውቂያታለሽ አይደል? ከበሩ ውጪ ያለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ መንገደኛውን ሁሉ ስትጠይቅ የምትውል ሴት ናት። ማንም ይምጣ ማን፣ እስከ ደጅ ሳትሸኝ አትመለስም። ቆጣሪ አንባቢውን ሳይቀር! «እንግዳ ከደጅ ካልሸኙት መጣ አይባልም» ትላለች። አሁን መስኮቱ ሥር ወንበር አድርጌላታለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉ የለ? እማዬ ደግሞ ግቢ አላት በመስኮት። ሰው ሲያልፍ እጇን ታነሳለች፤ መስታወቱ ስለሚያንጸባርቅ አያዩዋትም። እሱን አልነገርኳትም።

እኔ ቂሏ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ግድግዳውን ተከትሎ ለአንድ ሰው የምትበቃ መንገድ ብቻ፣ ቅቡ ተፍቆ ሻካራ ይደረግላት አልኩ። ለልጇ ነገርኩት። አሰበበት፤ አያስብም አይባልም። «ንድፉ ይበላሻል» አለኝ። ታዲያ እውነቱን እኮ ነው! ንድፍ አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ ነው፣ እናት ግን ከቤት የትም አትሄድ። «ደግሞ ትለምደዋለች» አለኝ፣ «ሰው የማይለምደው ነገር የለም።» ይኼም እውነት ነው። እኛስ የሱን መቅረት ለምደን የለ?

አየሽው መኪናውን? ከሥሩ እይ፣ ከጎማው ሥር። ላስቲክ ነው፣ ወፍራም፣ ነጠብጣብ ያለው። ራሱ ነው ይዞት የመጣው። የዘይት ጠብታ ሲሚንቶውን እንዳያቆሽሸው፣ ጎማውም እንዳይንሸራተት። ምን የማያስብለት ነገር አለ! ትናንት ማንም ሳያየኝ ወጥቼ ጠርዙ ላይ ቆምኩበት። እታለም፣ ምን ልበልሽ... እግሬ ቀጥ አለ። ጠጠሩን አስታወሰኝ። በዚህ ዕድሜዬ በመኪና ቀናሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ሌላው በጎረቤት ይቀናል፣ በባልንጀራ ይቀናል፤ እኔ በጎማ።

እማዬ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ጫማዬን አምጪ ስትል ነው የዋለችው። ልጇ ሊሄድ ነዋ! ይኸውልሽ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን ጥላ ደፉ ላይ ቆማለች። «እስከ ደጅ ልሸኘው» አለች። ከዚሁ ይበቃል ብላት መች ሰማችኝ! «እንግዳ እንኳ ከደጅ ይሸኛል፤ ልጄን ከቤት ልሸኘው?» አለችኝ። እኔም በቂል አእምሮዬ አሰላሁ፤ መኪናው ሲወጣ ላስቲኩ መሬት ላይ ይቀር የለ? ከደፉ ጀምሬ እየጎተትኩ እያነጠፍኩላት፣ እስከ በሩ ባትደርስም እስከ መሃል ትደርሳለች። መኪና የቆመበት ላስቲክ ላይ ብትቆም ምን ይላታል? ክብር ነው እንጂ።

አንቺ ትጠይቂልኛለሽ? እኔ እፈራለሁ፤ እኔ ያነሳሁት ነገር ሁሉ ንድፍ ያበላሻል።

ቆይ... ሞተሩን አስነሳ። ቆይ እማዬ፣ እንዳትወርጂ፣ መጣሁ! ምርኩዙን አትልቀቂው! ... ወጣ፣ መኪናዋ በሩ ዘንድ ደረሰች። ቆመ። ወረደ። አየሽልኝ እታለም፣ ሊሰናበታት ተመለሰ! ምነው ታዲያ ሰው ሳማ ነው የዋልኩት? አፌን ይቁረጠው፣ እንዲህ ያለ ልጅ...

አይ። ላስቲኩን ነው።

እየጠቀለለው ነው። እይ እንዴት በጥንቃቄ እንደሚያደርገው፤ አቧራውን አራገፈ፣ በጨርቅ ጠረገው፣ ከኋላ ጫነው። ባረፈበት ቦታ ሁሉ ያነጥፈዋል መሰለኝ። ታታሪ ነው። እማዬም እጇን አንስታ ከደፉ ላይ እየመረቀችው ነው፤ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎላታል፣ ይሰማታል። እንግዲህ እኔም ከሷ ማነስ የለብኝም። መናገር ባላውቅ መመረቅ አላጣም። ነይ እታለም፣ አጠገቤ ቁሚና ጮክ ብለሽ አሜን በዪልኝ።

መንገዱን ያቅናለት። የእናቱን ዕድሜ ይስጠው። ጤናና ሀብት አይጉደልበት። ጉልበቱ ሲደክም ምርኩዝ አያሳጣው፤ ራሱ ባሳመራት በዚችው ግቢ ያስረጀው። ልጆቹ እሱን ይምሰሉ፤ እንደሱ አሳቢ፣ እንደሱ ምርጫ አዋቂ ይሁኑለት፤ የሚረግጠውን ሁሉ እነሱ ይምረጡለት። ሊጠይቁትም መምጣት አይተዉ። ሲመለሱ ደግሞ መኪናቸው አይንሸራተት፣ ላስቲካቸው አይረሳ፤ እሱም ጫማውን አድርጎ፣ እዚያው እናቱ ከቆመችበት ደፍ ላይ ቆሞ፣ እጁን እያውለበለበ በደስታ ይሸኛቸው።

አሜን በይ እንጂ እታለም፣ ምን አንገትሽን አስደፋሽ?