ግድግዳ የምታልፈው ሴትዮ

ዓረብ ሀገር፣ ከሐምራ ሰፈር ወደ ዶራ በሚሄደው ቫን ውስጥ ሁለት የሀገሬ ልጆች አጠገቤ ተቀምጠው ያወራሉ። አንደኛዋ ሳቋን መግታት አቅቷታል።

«የማዳሜ ልጅ የቴሌቪዥን ጌም አስተማረችኝ። በየተራ ነው የምንጫወተው። ጌሙ ላይ የኔዋ ሴትዮ ግድግዳ ታልፋለች፣ ጠላቶቿን ባሉበት ድርቅ ታደርጋቸዋለች። ደስ ሲል!»

«ማዳምሽ እያወቀች? አላምንም።»

«እሷማ ቆልፋብን ነው የምትወጣው።»

«ታዲያ ዛሬ ማን ከፈተልሽ?»

«ትርፉ ቁልፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር።»

«ልጅቷስ አላየችሽም?»

«ተራው የሷ ነበር። ምን እንደምትጫወት ስታስብ ቀና አትልም።»

«ቆይ፣ በቤት ነጠላ ጫማ ነው እንዴ የመጣሽው? ፓስፖርትሽስ?»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ልጅቷ ስትነቃብሽስ?»

«ያኒ፣ ምን ልበልሽ፣ እስካሁን እያሰበች ይሆናል።»

ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ሲል፣ ዘንቢሌን ገፋ አድርጌ እግሯን ጋረድኩላት።