ለጋሽ ሙሀመድዘይን ስምንተኛና ዘጠነኛ ስፒከር

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጋሽ ሙሀመድዘይን፣ እትዬ መሪየም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ተሸኚውና ባለቤታቸው ለምን መድረክ ላይ እንዳልተቀመጡ የምታንሾካሹኩ አላችሁ፣ ሰምቻለሁ። አዳራሹ መሃል ላይ ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። ኮሚቴው ተቆጥቶኛል፣ ይቆጣ። እትዬ መሪየም ከስንት ዓመት በኋላ ከሰው መሃል የወጡት ዛሬ ነው፤ በመምጣታቸው እንዳይቆጫቸው አደራ አለብኝ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ለማታውቁኝ ሸዋዬ እባላለሁ። የኮሌጁን ዕቃ ግምጃ ቤት ከያዝሁ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ጋሽ ሙሀመድዘይን የድምፅ ቴክኒሻን ሆነው የተቀጠሩት እኔ ከገባሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ካርቶን በገመድ ጠፍረው፣ ጎኑን በሳስተው፣ ታቅፈው በር ላይ ቆሙ። ጥበቃችን ኃይለ ገብርኤል ካርቶኑን ዞር ዞር ብሎ አየና «ጌታው፣ ዶሮ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አላቸው።

እሳቸው አልተቆጡም። ስፒከር ነው አሉት። ታዲያ ቀዳዳው ለምንድን ነው ቢላቸው «እንዲተነፍስ» ብለውት አረፉ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት፣ ኃይለ ገብርኤል ዶሮ እንደነበር አሁንም ያምናል።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከካፌያችን ወለላ ዘንድ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን መሰብሰብ ጀመሩ። በየሳምንቱ አንድ እቅፍ ይዘው በባጃጅ ወደ ዘንዘልማ፣ ወደ ቤታቸው። ሰው ምን ይበል? ዘንዘልማ ላይ ዶሮ ያረባሉ ተባለ። ወሬውን ማን አስነሣው ብላችሁ አትድከሙ፣ እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ለፋሲካ አሥራ አንድ ሰው ዶሮ አዘዛቸው። ለካ እሳቸው ካርቶኑን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ነው የሚለጥፉት፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ።

ማስተጋባት ካልሁ ጭብጨባቸውን ሳላነሣ አላልፍም። የትም ቤት ሲገቡ እጃቸውን አንዴ ጧ አድርገው ያዳምጣሉ። የኮሌጁ ዲን ቢሮ ሳይቀር አድርገውታል። አንድ ጊዜማ ለቅሶ ድንኳን ገብተው ጧ ሲያደርጉ አልቃሹ ሁሉ ዝም አለ። «ድንኳን ጥሩ ነው፣ አያስተጋባም» ብለው ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ፤ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ እንደሚያለቅስ ሰው ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ የሟች እህት አጽናናችኝ።

በምረቃ ቀን ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ። ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ ከመድረክ ወርደው እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሄዳሉ። ከሰባታሚት፣ ከወረታ የመጡ ወላጆች የሚቀመጡት እዚያ ነው። «ከኋላ ያላችሁ፣ ትሰማላችሁ?» ይላሉ። አንዲት እናት አልሰማሁም ካለች ዲኑም ቢሆኑ ይጠብቃሉ። እኛ ይህን ሰው ነገር ያበዛል እንል ነበር።

ሌላው ዐመላቸው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ሲል ጋሽ ሙሀመድዘይን በሩ ላይ ናቸው። አርብ አርብ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስንበላ አንድ ቀን አብረውን አልተቀመጡም። ቤት ሰው ይጠብቀኛል ይላሉ፤ እኛ ደግሞ የሚጠብቅዎት ስፒከር ነው እንላቸዋለን። የቤታቸው ሲኒማ በሰማን ቁጥር ያድጋላ! መጀመሪያ ሁለት ስፒከር ነበር፤ ከዚያ አምስት ሆነ። ለአንድ የህንድ ፊልም ስንት ሆናችሁ ነው የምታለቅሱት ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ፈገግ ብለው አለፉኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ እሑድ፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ሊተክሉ እኔንና ኤሌክትሪሺያናችንን ቴዎን ጠሩን። እነዚህ ከሶፋው ጀርባ የሚቆሙ ናቸው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ቴዎ ግድግዳ ይበሳል፣ እሳቸው ሽቦ ይጎትታሉ። እኔ የግምጃ ቤት ሰው ነኝ፣ ምልክት የሌለው ዕቃ አልወድም፤ በየሽቦው ጫፍ «ግራ»፣ «ቀኝ» እያልሁ ጻፍሁበት።

አለቀና ፊልም ተከፈተ። ፊልሙ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፣ ከኋላዋ በር ተንኳኳ። ልጅቱ ወደ ቀኝ ዞረች። ሶፋው ላይ የተቀመጡት እትዬ መሪየም ግን ወደ ግራ ዞረው «በግራ በኩል ሰው መጣ» አሉ። እኔ ምላሴ መቼ ያርፋል፣ እየሳቅሁ «ኧረ በቀኝ ነው! አይታይዎትም እንዴ?» አልሁ።

«አይታየኝም፣ ልጄ» አሉ፤ በቀስታ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዓይናቸው መድከም ከጀመረ ቆይቷል፣ ጨርሶ ከከዳቸው ግን ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጋሽ ሙሀመድዘይን መጀመሪያ አጠገባቸው ተቀምጠው አሁን ገባ፣ አሁን ተነሣች፣ አሁን መስኮቱን ዘጋች እያሉ ይነግሯቸው ነበር አሉ። እትዬ መሪየም ናቸው «አትንገረኝ፣ እኔው ልስማው» ያሏቸው። ስፒከሩም ካርቶኑም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው ከየት እንደመጣ፣ በየት እንደወጣ፣ በራሳቸው ጆሮ እንዲያዩት።

ያን ቀን የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከግምጃ ቤቱ መስኮት ጀርባ ቆሜ ሰውን ፊት ለፊት ሳስተናግድ ኖሬያለሁ። ሽቦውንም ስጽፍ ቴሌቪዥኑ ጋ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ሶፋው አዙሬ ነበር። የእኔ ግራ ለእትዬ መሪየም ቀኝ መሆኑ አልታሰበኝም። ጋሽ ሙሀመድዘይን ተነሥተው ሁለቱን ሽቦ አቀያየሩና ፊልሙን መልሰው ከፈቱት። በሩ ሲንኳኳ እትዬ መሪየም ወደ ቀኝ ዞሩ። እኛ ፊልሙን እናያለን፣ እሳቸው ሚስታቸውን ያያሉ።

ይህን የምናገረው አስፈቅጄ ነው። ትናንት ስደውልላቸው እትዬ መሪየም «ንገሪያቸው፣ ዶሮ አርቢ ከሚባል ይሻላል» ብለውኛል። ግን ወደ ሽኝቱ አልመጣም ብለውኝ ነበር። ሰው የተሰበሰበበት ከሄዱ አራት ዓመታቸው ነው። ድምፅ ሁሉ ተደባልቆ ይመጣባቸዋል፤ ማን የት እንዳለ አለማወቁ ያስፈራቸዋል። ጋሽ ሙሀመድዘይንም ያለ እሷ አልመጣም አሉ። ስንት ጊዜ እንደለመንኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲወጡ ስንት ቀለድሁብዎት! እዚህ ያስመረቅናቸው ልጆች ወላጆች ከመጨረሻው ረድፍ የልጃቸውን ስም የሰሙት በእርስዎ ነው። ቴዎ ዛሬ ይህን ማይክ ሳያስጮህ የሚይዘው እርስዎ አስተምረውት ነው። ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። ከሰኞ ጀምሮ በሩ ላይ ጧ የሚያደርግ ሰው ስለማይኖር ግምጃ ቤቱ እንዴት እንደሚከብደኝ አሁኑኑ ይታወቀኛል።

ወደ ስጦታው ልምጣ። ለጡረተኛ የምንሰጠው ጋቢ ነው። ዘንድሮ ኮሚቴውን ተጨቃጭቄ ሁለት ስፒከር አስገዛሁ፤ ጣሪያ ላይ የሚሰቀሉ። እትዬ መሪየም አንድ ቀን «ፊልሙ ላይ ዝናቡ ከጎን ነው የሚዘንበው» ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ከላይ ይዘንባል። እሑድ መጥተን እንሰቅለዋለን፤ ሽቦው ላይ የምጽፈው ግን ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ጋሼ፣ እኔ ያለ ፊርማ ዕቃ እንደማላወጣ ያውቃሉ፤ የዕቃ ወጪ ቅጹ ሞዴል ሃያ ሁለት ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ይፈርሙልኝ።

አሁን ሁለቱን መሃል ያስቀመጥኋቸው ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። እባካችሁ ሁላችሁም አንድ አፍታ ጸጥ በሉ። እትዬ መሪየም፣ አራት ሰው በአራቱ ማዕዘን አቁሜያለሁ። ግራና ቀኙን በእርስዎ ወንበር ተቀምጬ ነው የለየሁት፣ ሦስት ጊዜ። አንድ በአንድ ሰላም ይሉዎታል።

ኃይለ ገብርኤል፣ ጀምር። አዎ እትዬ፣ በዞሩበት ነው፣ ከፊት በግራ። ቴዎ። አዎ፣ ከፊት በቀኝ። ወለላ፣ ጮክ በይ እንጂ። አዎ እትዬ መሪየም፣ ከኋላ በግራ፣ የእንቁላሉ ካርቶን ባለቤት ናት። አራተኛው ዲኑ ናቸው። አዎ! ሳልነግርዎት ዞሩ።

ይኸው አዳራሹን ያውቁታል፤ አሁን ቢንጫጫም አይጥፋዎት። አርብ ደግሞ ሐይቁ ዳር ሁለት ወንበር እናስቀምጣለን፣ ከመሃላችን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚያስሮጥ ነገር የለም፤ የሚጠብቅዎት ሰው አጠገብዎ ነው።

እንግዲህ የማንጎ ጭማቂያችሁን አንሡ። ለጋሽ ሙሀመድዘይንና ለእትዬ መሪየም ፈጣሪ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ ቤታችሁን ሳቅ ይሙላው። አንድ ላይ ከመጠጣታችን በፊት ግን፣ ዛሬ ጋሼ ስለተቀመጡ፣ እኔ ልጠይቅላቸው።

ከኋላ ያላችሁ፣ ትሰማላችሁ?