ዘጠኝ ቀለም የለበሰች ጀልባ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ባሉት የማንጎ ዛፎች አጠገብ፣ በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አቶ አሸብር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ወንዙ ውስጥ ቆመው ጀልባቸውን አረንጓዴ ቀለም ይቀቡ ነበር። ጀልባዋ አንድ ምሰሶና አንድ ሸራ ያላት፣ አራት ሰው በደንብ፣ ስድስት ሰው በጭንቅ የምትይዝ ትንሽ ጀልባ ናት። ከአራት ዓመት በፊት፣ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ በተገለሉ ሰሞን፣ ኦሉም ከሚባል ጀልባ ሠሪ ነው የገዟት። ኦሉም አሁን ፑኝዶ ዘመዶቹ ዘንድ ይኖራል።

ቀለሙ ያለ ምክንያት አልተገዛም። ከወንዙ ቁልቁል ባለችው ኢታንግ የምታስተምረው ልጃቸው ኮከብ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ለክርስትናው አሥራ ስድስት ቀን ቀርቷል። አቶ አሸብር ባለቤታቸውን ወይዘሮ እሙዬን በጀልባቸው፣ ሸራ ዘርግተው፣ ኢታንግ ሊያደርሷቸው ቆርጠዋል። ወይዘሮ እሙዬ ደግሞ በመኪና ሊሄዱ ቆርጠዋል። «ከሦስት ዓመት በፊት እዚያች ገንዳ ውስጥ ገብቼ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ረጥቤአለሁ፤ ይበቃኛል» ብለዋል። እንግዲህ ሚስቱ እንኳ የማትሳፈርለት ባለጀልባ ወንዝ ዳር ምን ብሎ ይቆማል? አቶ አሸብርን ያንገበገባቸው ይህ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ አሸብር።»

ቀና ቢሉ የኦሉም ልጅ አቻን ቆማለች። ከቴክኒክ ኮሌጅ በእንጨት ሥራ ተመርቃ ከተመለሰች ሁለት ሳምንት አልሞላትም። ወደ ገበያ ስታልፍ የቀለሙ ሽታ ነው ያስቆማት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። አባትሽ የሠራትን ጀልባ እያስጌጥኩ ነው። እስቲ እያት፣ ሙሽራ አልመሰለችም?»

«መስላለች። ግን ሙሽራዋ ገላዋን ታጥባለች?»

አቶ አሸብር ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋድመው ሳቁ። «ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ነው። ቀንም ሌትም ውሃ ውስጥ ያለች ጀልባ ምን ትታጠባለች? ዓሣን ማን ሲያጥበው አየሽ?»

«ዓሣ ሕይወት አለው፣ ራሱን ይጠብቃል። የሞተ ዓሣ ግን ውሃ ውስጥ ሁለት ቀን ይተዉት እስቲ። እንጨትም የሞተ ዛፍ ነው፣ አባባ። ጠባቂው ባለቤቱ ነው።»

አቶ አሸብር ብሩሹን መልሰው አነሡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ሲመልሱ የኖሩ ሰው በአንድ መልስ አይረቱም።

«ታዲያ ቀለም የምቀባት ለምን ይመስልሻል? ለእንቁጣጣሽ አንድ፣ ለፋሲካ አንድ፤ ይኸው ለክርስትናው ደግሞ ዘጠነኛውን።»

«አዲሱን ሲቀቡ አሮጌውን ይፍቁታል?»

«ለምን ብዬ? ቀለም በቀለም ላይ ሲደራረብ ይጠነክራል። ከሥሯ የተለጠፈው ጭቃና አልጌም ቀዳዳዋን ይደፍንልኛል። እሱን ብፍቀው ውሃው ዘው ነው የሚለው።»

«እማማ እሙዬን ታዲያ ያረጠባቸው ምንድን ነው?»

ይህችኛዋ ጥያቄ ቁስላቸው ላይ አረፈች። የወይዘሮ እሙዬ መርጠብና በመኪና ልሂድ ማለታቸው በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ አቻን ግን ልታሾፍ አልነበረም። አስፈቅዳ ጎንበስ አለችና አቶ አሸብር የቀለሙን ጣሳ የከፈቱበትን ቢላዋ አንስታ፣ ውሃው በሚደርስበት ሳንቃ ላይ ጫን አደረገችው። ቢላዋው የበሰለ ማንጎ ውስጥ እንደሚገባ ገባ።

«ልብሱ አዲስ ነው፣ ገላው ግን ታሟል» አለች። «ቀለሙ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይዞታል። ሕመሙ ተሸፈነ እንጂ አልዳነም። ከፈቀዱልኝ ፍቄ እጠግናታለሁ።»

የሀገራችን ሰው «ውስጡን ለቄስ» የሚለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ላይ ላዩን ያሳምራል፣ የውስጡን ነገር አያንሱብኝ ይላል። ወንዝ ደግሞ እንደ ጎረቤት ይሉኝታ የለውም፤ ከውስጥ የላላውን ፈልጎ ያገኛል።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ» አሉ አቶ አሸብር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጀምረሽ ቢበላሽብሽስ?»

«ከተበላሸ እማማ በመኪና ይሄዳሉ። ካልነካናትም በመኪና ይሄዳሉ።»

አቶ አሸብር የቀለሙን ጣሳ ከደኑ። ስድስት ሰው ተጠርቶ ጀልባዋ በስንት ጉተታ ከውሃው ወደ ማንጎው ጥላ ሥር ወጣች።

አቻን ወደ ጀልባዋ ኋላ ዞራ በዳበሳ ስትፈልግ ቆየችና «ውታፉስ?» አለች።

«የምን ውታፍ?»

አንድ ቦታ ላይ ቀለሙን መፋቅ ጀመረች። አረንጓዴው ሄደ፣ ሰማያዊው ሄደ፣ ቀዩ ሄደ፤ ከሁሉም ሥር ክብ የእንጨት ውታፍ ብቅ አለ። በመዶሻ ሁለት ጊዜ መትታ ስትነቅለው በጀልባዋ ሆድ የከረመው ጥቁር ውሃ እየተንዶለዶለ ወጣ። ጎታቾቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። አቶ አሸብር ይህንን ውሃ አራት ዓመት ሙሉ ሲቀዱ የኖሩት በጣሳ ነው።

«አባትሽ ነግሮኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሲያስረዳኝ እኔ ሸራውን አይ ነበር።»

ፍቀቱ ሦስት ቀን ወሰደ። ጭቃው፣ አልጌውና ዘጠኙ ቀለም ሲረግፍ፣ በሳንቃዎቹ መካከል የፀሐይ ብርሃን ከወዲያ ማዶ ይታይ ጀመር። ይህን ጊዜ የአቶ አሸብር ትዕግሥት አለቀ።

«የፈራሁት ደረሰ። ጀልባ ሰጠሁሽ፣ ወንፊት መለስሽልኝ።»

«ቀዳዳው ዛሬ አልተፈጠረም፣ አባባ። ዛሬ ታየ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት እናንተው አይደላችሁም?»

አቶ አሸብር ተቆጥተው የማንጎው ሥር ላይ ተቀመጡ። ንዴታቸው በረድ ሲል ግን ሐፍረት መጣ። አራት ዓመት ሲቀቡ የኖሩት ጀልባዋ እንድትድን ሳይሆን ቁስሏን ላለማየት እንደነበር ገባቸው። እሙዬን እዚያ ቁስል ላይ አስቀምጠው፣ አዞ ባለበት ወንዝ ላይ ይዘዋቸው ሄደው ነበር። ተነሥተው መፋቂያውን ከአቻን እጅ ተቀበሉ።

ከዚያ ወዲያ አዛዧ አቻን፣ ታዛዡ እሳቸው ሆኑ። የበሰበሰው ሳንቃ ወጥቶ አዲስ ገባ። ጀልባዋ ፀሐይ እንዳይሰነጥቃት በጥላ ደረቀች። በየመገጣጠሚያው ጥጥ ተጠቅጥቆ የቀለጠ ሬንጅ ፈሰሰበት። እርጥቡን እየታጠፈ የሻገተው ሸራ በሳሙና ታጥቦ ተሰጣ፤ ገመዱም እንዲሁ። በመጨረሻ አንድ ስስ ቀለም ብቻ ተቀባች። ስድስት ሰው የጎተታትን ጀልባ ሦስት ሰው አንሥቶ ወንዙ ላይ አኖራት።

ወይዘሮ እሙዬ ጃንጥላቸውን ይዘው ሊያዩ መጥተው ነበር። ጀልባዋ ውሃው ላይ ጥቂት እንደቆየች ከመገጣጠሚያዎቹ ውሃ ማዠት ጀመረ።

«ይኸው፣ ገንዳዬ» አሉ ወይዘሮ እሙዬ።

አቶ አሸብር ፊታቸው ጠቁሮ ወደ አቻን ዞሩ። እሷ ግን አልደነገጠችም። «ደርቃ ስለቆየች እንጨቱ ጠምቶታል። ይጠጣ። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይገጥማል። እስከ ነገ ይታገሱኝ፣ እማማ።»

በማግሥቱ ጠዋት ያዠውን ውሃ በጨርቅ አድርቀው እስከ ቀትር ጠበቁ። አቶ አሸብር መዳፋቸውን በወለሉ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አስኬዱ። ደረቅ ነበር። ወይዘሮ እሙዬ ራሳቸው ዳሰው ካዩ በኋላ «እንግዲያው ነጭ ካልሲ አድርጌ ነው የምሳፈረው» አሉ። «አንድ ጠብታ ከነካኝ ከአዞው ጋር ትነጋገራለህ።»

በክርስትናው ዋዜማ ጠዋት ሦስቱ ተነሡ። ነፋሱ ሸራውን ሲሞላው፣ ድሮ እንደ ደከመ በሬ የምትጎተተው ጀልባ ቀልላ ወንዙን ትሰነጥቀው ገባች። አቶ አሸብር መሪውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩ። እሙዬ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው የወንዙን ዳር እያዩ ፈገግ ይላሉ፤ ከጡረታ ጀምሮ ሲመኙት የኖሩት ይህን ነበር።

ኢታንግ ዳር አማቻቸው ዳዊ አማቱን ተሸክሞ ሊያወርድ ሱሪውን ጠቅልሎ ይጠብቃል። ወይዘሮ እሙዬ ግን በራሳቸው ወርደው ጫማቸውን አወለቁና ካልሲያቸውን ለተሰበሰበው ሰው አሳዩ። እልልታው ቀለጠ። «ያች የምታፈሰው ጀልባ ናት?» ሲሉ ጠየቁ የሚያውቋት።

«እሷው ናት» አሉ አቶ አሸብር፣ ደረታቸውን ነፍተው። «ስሙኝ። የጀልባ ዕድሜ በቀለም አይገዛም። ውስጧን በየሳምንቱ እጠቡ፣ ውሃዋን አፍስሱ፣ በየስድስት ወሩ በጥላ አድርቁ፣ ሸራውን እርጥቡን አጣጥፋችሁ አታስቀምጡ። እንዲህ ብታደርጉ ለቀለም የምታወጡት ይቀራል፣ ጉልበታችሁ ይተርፋል፣ የተሳፈረው ሰው በሰላም ይገባል፣ ለልጅ ልጅም ትተርፋለች። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ይህን ያስተማረችኝም ይህች የኦሉም ልጅ ናት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብያት ነበር፤ ይኸው ለክርስትና በቃ።»

አቻን አንገቷን ሰበር አድርጋ ሳቀች። ዳዊ «ኑ እንጂ፣ ኮከብ ልጁን ታቅፋ ትጠብቃለች» አለ።

«መጣሁ፤ ጀልባዋን ብቻ ወደ ደረቅ እናውጣት» አሉ አቶ አሸብር። ከወጣች በኋላ ወደ ኋላዋ ዞረው ውታፉን ነቀሉ። ወይዘሮ እሙዬ ሳይቀሩ ሰዉ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየ። አንድ ጠብታ አልወጣም። አቶ አሸብር ውታፉን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱና የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ሄዱ።