ቦታ ልቀቁላት

ከኦክላንድ ወደ በርክሌ በሚሄደው ባስ ውስጥ፣ ሆስፒታል የምታጸዳ ሴት አጠገቧ ለተቀመጡት ሽማግሌ ታወራለች፤ እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።

«ጋሼ፣ ያን ሩም ከእንግዲህ ክሊን አላደርግም።»

«ምን አየሽ?»

«አንዲት የማሌዥያ አሮጊት ተኝተውበታል። ልጃቸውን ‹ማላይ ነን› እያሉ በእንግሊዝኛ ነው ያሳደጓት። ሲታመሙ እሷ የማታውቀውን ቋንቋ ጀመሩ።»

«የማንን ቋንቋ?»

«የሚናንግካባው ሕዝብ ቋንቋ ነው አላት ከሱማትራ ደሴት የመጣ አንድ ተማሪ። የአሮጊቷ አያቶች ከዚያ ወደ ማሌዥያ የተሰደዱ ናቸው አሉ።»

«ምን ይላሉ ታዲያ?»

«ተማሪው እንደተረጎመው፣ ‹እናቴ ልትወስደን ከሱማትራ መጥታለች፤ ቦታ ልቀቁላት› ነው የሚሉት።»

«በሽታው ነው የሚያቃዣቸው።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ልጅየዋ በዚያው ቋንቋ መለሰችላቸው።»

«ተምራ ነዋ!»

«የት ተምራ? ራሷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።»

አጠገቤ ካለው ባዶ ወንበር ላይ ቦርሳዬን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት።